የራስጌው ገመድ

በሶራይ ደሴት የውስኪ ፋብሪካ ውስጥ ድፍድፍ የሚብላላባቸው ስድስት የእንጨት ጋኖች ነበሩ። እያንዳንዱ ጋን ከወለሉ በታች ሁለት ሰው ተኩል ያህል ይጠልቃል፤ ከወለሉ በላይ የሚታየው አፉ ብቻ ነው፤ እሱም እስከ ወገብ ይደርሳል። ድፍድፉ ሦስት ቀን ፈልቶ፣ አረፋው በርዶ፣ ወደ መዳቡ የውስኪ ማውጫ ከተላከ በኋላ ባዶው ጋን በሰው እጅ ይታጠባል። አንዱ በመሰላል ወርዶ በጭራሮ መጥረጊያ ይፈትጋል፤ ሌላው ከላይ ቆሞ ከታቹ ሰው ብብት ስር የታሰረውን ገመድ ይይዛል። ባዶ ጋን ግን ባዶ አይደለም። ድፍድፉ ሲብላላ የተነፈሰው ከባድ አየር ከታች ተኝቶ ይቆያል። አይታይም፤ ሰውን ሲይዝም አያስጠነቅቅም። የታችኛውን በር ከፍተው ውሃ ሲለቁበት አብዛኛው ይወጣል። አብዛኛው እንጂ ሁሉም አይደለም።

ስለዚህ ከታች ያለው ሰው ይዘምራል።

ይህን ሥርዓት ያመጣው ኖርማን የሚባል የብቅል ሠራተኛ ነበር። በወጣትነቱ አንድ ባልደረባው ሦስተኛው ጋን ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ ሞቶበታል ይባላል። በሶራይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ የለም፤ አንድ ሰው የዳዊትን ሐረግ ያወርዳል፣ ሕዝቡ ተከትሎ ይቀበላል። አውራጁ ኖርማን ነበር። ያንኑ ወደ ጋኑ አመጣው፤ የታቹ ያወርዳል፣ የላዩ ይቀበላል። የታቹ ድምፅ ከቀጠነ፣ ወይም ሐረጉ መሃል ላይ ከተቆረጠ፣ የላዩ ሰው ምንም ሳይጠይቅ ይጎትታል። በዚህ ዓይነት አርባ ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ሳይሞት ቆየ። የፋብሪካው ባለቤት ኡና ከሁለት ዓመት በፊት ገዝታ ያመጣችው የአየር መለኪያ ከነላስቲኩ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ኖርማን በጥቅምት፣ በአንድ እሑድ፣ በሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ አልጋው ላይ ሞተ። በሶራይ አስከሬን ከመሬት በላይ እስካለ ድረስ ከሟቹ ቤትና ከመቃብሩ በቀር የትም ዜማ አይወጣም። ራዲዮ ይዘጋል። በጀልባ የሚሄዱ ዓሣ አጥማጆች እንኳ አያፏጩም።

ቀብሩ ረቡዕ ነበር። ጠዋት ኡና ጥቁር ካፖርት ለብሳ ወደ ጋኖቹ ቤት ገባች። አባቷ ፋብሪካውን ትተውላት ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ከዋናው ምድር ሁለት ትልልቅ ኩባንያዎች ፋብሪካውን ሊገዙ መጥተው በዝናብ መልሳቸዋለች። አሥራ አራት ቤተሰብ በእሷ እጅ ያድር ነበር።

«ብቅሉ ሙቅ ውሃ ገብቶበታል» አለች። «ስድስት ሰዓት ላይ ጭማቂው ይወርዳል። አራተኛው ጋን ካልታጠበ የምናፈስበት የለንም። ሁለት ሰው ይበቃኛል፤ ሌላው ቀብር ይሂድ። ማንንም አላስገድድም።»

«እኔ እቀራለሁ» አለ ቶርኩል። «ኖርማን ሦስት ጊዜ በሰው ፊት ‹አንተ ዝም በል፣ ዜማውን ታበላሻለህ› ብሎኛል። አራተኛውን ከሬሳ ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ እንዲለኝ ዕድል አልሰጠውም።»

«ራናልድስ?» አለች ኡና።

«የዚህን ገመድ ማን ይይዝለታል?» አለ ራናልድ። «ክብደቱን የለመድኩት እኔ ብቻ ነኝ።»

ራናልድ አምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ዝምተኛ፣ ትከሻው የጎበጠ። ቶርኩል የታናሽ እህቱ የማርሳሊ ባል ሲሆን ጋኖቹን አብረው ማጠብ ከጀመሩ ሃያ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። ቶርኩልና ማርሳሊ ልጅ አልወለዱም፤ ራናልድም አላገባም። እሑድ እሑድ ሦስቱ አብረው ምሳ ይበሉ ነበር።

ኡና ልትወጣ ስትል ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ዐረፈ። «መለኪያው…» ብላ ጀመረች። ከዚያ ከውጭ ሰው ጠራትና ሄደች።

ቶርኩል የሱፍ ኮፍያውን አጥልቆ ክሮቹን አገጩ ስር ቋጠራቸው። ሁለት ኮፍያ ነፋስ ወስዶ ባሕር ስለጣለበት ማርሳሊ ባለፈው ክረምት ሦስተኛው ላይ ክር ሰፍታበታለች፤ ከዚያ ወዲህ የሠራተኞቹ መሳቂያ ሆኖ ነበር።

«ዛሬም ሞግዚትህ ቋጥራልህ ነው የመጣኸው?» አለው ራናልድ።

«ቅናት ነው። ያንተን ኮፍያ የሚቋጥር ስለሌለ።» ወደ መሰላሉ ተሻገረ። ከወገብ በላይ ሲቀር ቆም አለ። «ዛሬ እንግዲህ አይዘመርም።»

«አይዘመርም። መለኪያውን ላውርደው?»

«ማን ያውቅበታል? የሚገድለው ብልጭ ሲል ነው ወይስ ሲጠፋ?» ቶርኩል መጥረጊያውን አነሳ። «እሱን ስማ። እስከፈተግሁ ድረስ አለሁ።»

ራናልድ ሁለት ጊዜ አሰበበት፤ ሁለት ጊዜም ተወው። ውሃውን ለቀውበታል፣ የታች በሩ ተከፍቶ ግማሽ ሰዓት ቆይቷል። ደግሞም መለኪያውን ማውረድ በዚያ ቀን ኖርማንን እንደ ማማት ሆኖ ታየው፤ ዜማህ አይበቃም እንደ ማለት።

መጥረጊያው ከታች ሽ… ሽ… ሽ… ይል ጀመር። ራናልድ ገመዱን አንድ ዙር በእጁ ጠቅልሎ ከጋኑ አፍ ጎን ቆመ። ቤቱ ኮምጣጣ የድፍድፍ ሽታ ይሸታል። በጎረቤቱ ጋን ውስጥ አዲሱ ድፍድፍ ሲንተከተክ ይሰማል። ከታች አንድ ጊዜ ሳል መጣ፤ ቀጥሎ መጥረጊያው ቀጠለ።

ከጋኑ ትይዩ ባሕሩን የሚያሳይ መስኮት ነበር። በመስኮቱ ውስጥ፣ በመርከብ ማረፊያው መታጠፊያ ላይ፣ ጥቁር የለበሱ ወንዶች ብቅ አሉ። ሳጥኑን ስምንት ሰው በትከሻ ተሸክሞታል፤ የቀሩት ሁለት ሁለት ሆነው ይከተላሉ። በየመቶ እርምጃው ቄሱ እጁን ሲያነሳ ተሸካሚው ይለወጣል። በሶራይ ሬሳ በመንገድ ሲያልፍ ያየ ሰው የያዘውን ሥራ አቁሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ፊቱን ወደ ሬሳው አዙሮ፣ ሬሳው ከዓይን እስኪሰወር ድረስ ይቆማል። ላም የሚያልብ እንኳ ከላሟ ስር ይነሳል።

«ኖርማን እያለፈ ነው» አለ ራናልድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

መጥረጊያው አንድ ጊዜ ሽ… አለ፤ ከዚያ ጸጥ።

ራናልድ ገመዱን ከእጁ ፈትቶ ግድግዳው ላይ ባለው የእንጨት ካስማ አንጠለጠለው። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ያዘ። ጀርባውን ለጋኑ ሰጥቶ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ሰልፉ በዝግታ ሄደ። ከሟቹ ጎረቤቶች ጀምሮ የሁሉንም ጀርባ ያውቀዋል። አንዴ ሳጥኑ ትንሽ ዘንበል ብሎ ተስተካከለ። ራናልድ ከታች ምንም ባለመስማቱ ደስ አለው። ቶርኩል እንኳ፣ ያ ሁሉን ነገር ቀልድ የሚያደርገው ሰው፣ በጨለማ ጋን ግርጌ የማያየውን ሬሳ አክብሮ ቆሟል ብሎ አሰበ። ይህን ለማርሳሊ እነግራታለሁ አለ በልቡ። የመጨረሻው ሰው ከኮረብታው ጀርባ ሲሰወር ኮፍያውን መልሶ ደፋ።

«አለፈ» አለ። «ቀጥል።»

መልስ አልነበረም።

ጎንበስ ብሎ አየ። ቶርኩል ፊቱን ወደ ጋኑ ግድግዳ አድርጎ በጎኑ ተኝቷል። መጥረጊያው ከስሩ ነው። ኮፍያው ራሱ ላይ ነበር።

ወደ ታች መውረድ ሁለት ሬሳ ማድረግ መሆኑን ራናልድ ያውቃል፤ ኖርማን ለእያንዳንዱ አዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚያስተምረው ይህንን ነበር። ገመዱን ከካስማው አውርዶ ከጣሪያው በሚወርደው የጆንያ ማንሻ ሰንሰለት ላይ አያይዞ ጎተተ። ሰንሰለቱ እያንቋረረ ቶርኩልን አወጣው። ወለሉ ላይ አስተኝቶ ደረቱን ተጫነ፣ በአፉ ተነፈሰለት፣ ስሙን ጠራው። ጉንጩ ገና ሞቃት ነበር። ዓይኖቹ ግን የትም አያዩም።

ስንት ጊዜ እንደ ተጫነው አያውቅም። ክንዶቹ ሲዝሉ ተወው። በፋብሪካው ውስጥ ሌላ ሰው የለም፤ ወንዱ ሁሉ ቀብር፣ ሴቱ ሁሉ ኖርማን ቤት ነው። ከአጠገቡ ተቀምጦ ኮፍያውን ተመለከተ። ያኔ ነው ነገሩ የገባው። የሶራይ ሰው ኮፍያውን ሳያወልቅ ለሬሳ አይቆምም። ቶርኩል ለኖርማን አልቆመም። መጥረጊያው የቆመው ቶርኩል የራናልድን ዝቅ ያለ ድምፅ ሰምቶ ሳይሆን፣ እጁ አልታዘዝ ብሎት ነው። ራናልድ ጀርባውን ሰጥቶ ወንዶቹን ሲቆጥር ሰውየው ከኋላው ይሞት ነበር። ገመዱም ካስማ ላይ ነበር።

ቋጠሮውን ሊፈታ ሞከረ። ክሩ ረጥቦ ጠብቋል። የኪሱን ቢላዋ አውጥቶ ቆረጠው። ኮፍያውን አውልቆ በቶርኩል ቀኝ እጅ ውስጥ አደረገ፤ ጣቶቹንም አንድ በአንድ በላዩ ላይ አጠፋቸው። ለማርሳሊ ነው ብሎ አሰበ። ያን ጊዜ በእርግጥ ያመነው ይህንኑ ነበር።

ከዚያ ወደ መቃብሩ ሮጠ። ሲደርስ ስምንቱ ሰዎች ገመዶቹን ይዘው ኖርማንን እያወረዱት ነበር። ራናልድ ላብ እያጠመቀው ኮፍያውን አወለቀና ገመዶቹ ጉድጓዱ ውስጥ እስኪጣሉ ድረስ ከሰዎቹ ኋላ ቆሞ ጠበቀ። የተናገረው ከዚያ በኋላ ነው።

ዓርብ ዕለት ከዋናው ምድር መርማሪ መጣ። ሚስተር ፔቲግሩ ይባላል፤ አንገቱ ቀጭን፣ ንግግሩ ለስላሳ፣ ብዕሩን ከመጠቀሙ በፊት ሁልጊዜ የሚጠርግ ሰው። በኡና ቢሮ ውስጥ ራናልድን ፊት ለፊቱ አስቀመጠው።

«መለኪያው ለምን አልወረደም?»

«አንጠቀምበትም ነበር።»

«በምን ነበር የምታውቁት ታዲያ?»

«በዜማ።»

መርማሪው ብዕሩን አቆመ። ራናልድ አስረዳው። መርማሪው ያለ ፌዝ ሰማው፤ ጻፈው።

«ያን ቀን ግን አልዘመረም።»

«ሬሳ ነበር።»

«ገባኝ። የመጥረጊያው ድምፅ ሲቆም ምን መሰለዎት?»

«ለሬሳው ክብር ሲል የቆመ።»

«ይህ አሳማኝ ነበር?»

«እዚህ ደሴት ላይ ሌላ ምንም ሊመስል አይችልም።»

«ኮፍያው እጁ ውስጥ ነው የተገኘው ይላል የሐኪሙ ማስታወሻ።» ወረቀቱን ገለጠ። «እንግዲህ በእርግጥ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው የወደቀው። መቼ እንደ ወደቀ ግን ማንም ሊያውቅ አይችልም። እንደዚያ ነው?»

ራናልድ የገዛ እጆቹን አየ። «እንደዚያ ነው» አለ።

«ከመታጠፊያው እስከ ኮረብታው በሬሳ እርምጃ ስንት ደቂቃ ይሆናል?»

«ለክቼው አላውቅም።»

«እኔ ዛሬ ጠዋት ሄድኩበት» አለ መርማሪው። «ሰባት ደቂቃ ነው።» ጻፈና ብዕሩን ጠረገ።

ራናልድ ሲወጣ ኡና በረንዳው ላይ ቆማ ጠበቀችው። ዓይኖቿ አብጠዋል። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስለሚያውቃት «አንቺ» ይላታል፤ እሷ ግን እንደ አባቷ ሠራተኛ ሳይሆን እንደ ታላቅ ሰው ታከብረዋለች።

«ምን አለዎት?»

«ቆሞ ነበር አልኩት።»

«ደግ አደረጉ… ማለቴ፣ እውነቱ ያ ከሆነ።» ከንፈሯን ነከሰች። «ማንም ሊያውቅ የማይችል ነገር ነበር ብሎ ከጻፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንከፍታለን። ካልጻፈ ግን አላውቅም። መለኪያውን ራሴ ነኝ ገዝቼ ያስቀመጥኩት። ከነላስቲኩ መሆኑን በየቀኑ አያለሁ። እኔም ያንን ዜማ እየሰማሁ ነው ያደግኩት፣ ራናልድ። ዜማ እያለ መለኪያ ስድብ መሰለኝ።»

«እኔም እንዲያ ነው ያሰብኩት» አለ እሱ።

የቶርኩል አስከሬን ሰኞ ከዋናው ምድር ሐኪም ቤት በጀልባ ተመለሰ። ልብሱም በቡናማ ወረቀት ተጠቅልሎ አብሮ መጣ። ቀብሩ ለማክሰኞ ስድስት ሰዓት ተቆረጠ። ከሰዓት በኋላ ራናልድ ወደ እህቱ ቤት ሄደ፤ ገመድ የሚይዙት ሰዎች ካርዳቸውን የሚቀበሉት በዚያ ቀን ነበር። በሶራይ ሴቶች ወደ መቃብር አይወርዱም፤ የማን እጅ የትኛውን ገመድ እንደሚይዝ የምትወስነው ግን ሚስት ናት። ስምንት ትንንሽ ካርዶች አሉ። አንድ ቁጥር የራስጌው ነው፤ ለልጅ፣ ልጅ ከሌለ ለወንድም ይሰጣል።

ማርሳሊ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ነበር። ፊቷ ተጎድቷል፤ ጸጉሯ ግን በሥርዓት ተጎንጉኗል። ሳጥኑ በጓዳው ክፍል ተዘግቶ ተቀምጧል። አምስቱ ካርዶች ወጥተዋል፤ ሦስቱ ከፊቷ ናቸው። ከካርዶቹ አጠገብ ኮፍያው አለ።

«ሻይ አለ፤ ቅዳ» አለችው።

«ጠጥቻለሁ።»

«አልጠጣህም። ውሸትህን ከልጅነትህ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ጆሮህ ይቀላል። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ።

«ቄሱ ትናንት በጸሎቱ አነሳው» አለች። «‹ባሪያህ ቶርኩል ሰው በማያየው ቦታ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ የሞተውን እያከበረ ወደ አንተ መጣ› አለ። ሴቶቹ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር በቤተ ክርስቲያን አንድ ቀን ሳይስቅ ተቀምጦ አያውቅም። በመጨረሻው ሰዓት ሰው ሆነልኝ አልኩ።»

ራናልድ ማንቆርቆሪያውን ስቦ ሻይ ቀዳ።

«ዛሬ ልብሱን ፈታሁት።» ኮፍያውን ገልብጣ ክሮቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ነበር፤ ቋጠሮው ሳይፈታ ከረጅሙ ጫፍ ላይ ቀርቷል። «ይቺን ማን ቆረጣት?»

«ሐኪም ቤት ይሆናል።»

«ሐኪም ቤት ወረቀት ጽፏል። ‹ከቀኝ እጁ የተወሰደ› ይላል። እጁ ውስጥ ያለ ኮፍያ ክሩን ለምን ይቆርጡታል?»

«ቸኩሎ ራሱ…»

«ቶርኩል ቢላዋ አይዝም። እያንዳንዷን ነገር በጥርሱ ነው የሚፈታው፤ ጥርስህ ይረግፋል እያልኩ ስጮህበት ኖሬያለሁ።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ይሄ የቢላዋ ቆረጣ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ራናልድ። ጆሮህም ቀልቷል።»

ራናልድ ወደ መስኮቱ ሊዞር ብሎ ተወው። ፊቱን ወደ እሷ አድርጎ ነገራት። ሁሉንም ነገራት፦ መለኪያውን ላውርደው ማለቱን፣ ሳሉን፣ ኖርማን እያለፈ ነው ማለቱን፣ መጥረጊያው አንድ ጊዜ ሽ ብሎ መቅረቱን፣ መርማሪው የለካትን ሰባት ደቂቃ። ሲናገር አንድም ጊዜ አላቋረጠችውም።

«ኮፍያው ራሱ ላይ ነበር?»

«ራሱ ላይ ነበር።»

«እንደ ተቋጠረ።»

«እንደ ተቋጠረ።»

«ገመዱስ?» አለች።

ይህን ጥያቄ መርማሪው እንኳ አልጠየቀውም ነበር።

«ካስማው ላይ።»

«ለምን?»

«ኮፍያዬን በሁለት እጅ ልይዝ።»

ማርሳሊ ክሩን በጣቷ ጠቀለለችው፤ ፈታችው። «ቢወድቅ ገመዱ ይነግርህ ነበር» አለች። «በእጅህ ቢሆን።»

«ይነግረኝ ነበር።»

«በሰባቱ ደቂቃ ውስጥ።»

«በመጀመሪያዋ ደቂቃ።»

ራሷን ነቀነቀች፤ አንድ ሰው ለረጅም ጊዜ የጠበቀውን ነገር ሲነግሩት እንደሚያደርገው። አላለቀሰችም። ራናልድ ብታለቅስ፣ ብትሰድበው፣ ሻዩን ብትደፋበት ይመርጥ ነበር።

«ላንቺ ብዬ ነበር» አለ።

«ለእኔ ብለህ ጀመርከው። ዓርብ ዕለት ከመርማሪው ፊት ስትቀመጥ ግን እኔ እዚያ አልነበርኩም።»

እውነት ነበር።

«ሰውየው መቼ ነው የሚሄደው?»

«ነገ በጠዋቱ ጀልባ።»

«ትነግረዋለህ?»

«እነግረዋለሁ።»

«ፋብሪካው ቢዘጋስ?»

«ቢዘጋም።»

«ሰው ሁሉ ቢጠላህስ? አሥራ አራት ቤት ነው። እኔም ልብስ የምሰፋው ለእነሱ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ማርሳሊ።»

ሦስቱን ካርዶች ሰብስባ እንደ መጫወቻ ካርድ በእጇ ያዘቻቸው። ራናልድ ተነሳ። አራት ቁጥር ወይም አምስት ቁጥር ይደርሰኛል ብሎ ነበር የመጣው፤ አሁን ግን አንድም እንደማይደርሰው ቆርጦ ወደ በሩ አመራ።

«ወዴት ነው?» አለች። አንዱን ካርድ በጠረጴዛው ላይ ገፋችለት። አንድ ቁጥር ነበር።

«ይሄ የወንድሙ ነው። የኮል ነው።»

«ኮል የግርጌውን ይይዛል፤ ነግሬዋለሁ። ምክንያቱን አልጠየቀኝም።»

«መያዝ ያለበት የኮል እጅ ነው… እኔ አልችለውም።»

«እንደማትችለው አውቃለሁ።» ቀና ብላ አየችው። «ያን ቀን ገመዱን ጥለህ ሬሳ አከበርክ። ነገ ገመዱን ይዘህ አክብረው። እኔ መውረድ አይፈቀድልኝም እንጂ ቢፈቀድልኝ ላንተ አልሰጥም ነበር።»

ካርዱን ወሰደ። በሩ ላይ ሲደርስ ከኋላው መቀስ ሲቆርጥ ሰማ። ዞር ሲል ማርሳሊ የቀረውን ክር ከኮፍያው ላይ እየለቀመች ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ዝናብ ነበር። ሚስተር ፔቲግሩ መርከብ ማረፊያው ላይ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ጀልባዋን ይጠብቃል። ራናልድ ቆሞ ነገረው። መርማሪው ደብተሩን ከካፖርቱ ውስጥ አውጥቶ በዣንጥላው ስር ጻፈ። ብዕሩን አልጠረገም።

«ይህ ለእርስዎ ምን ማለት እንደሆነ ተረድተዋል?»

«ተረድቻለሁ።»

«ለፋብሪካውም። ‹ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር› ብዬ መጻፍ አልችልም።»

«ይቻል ነበር» አለ ራናልድ። «ገመዱ ያውቅ ነበር።»

ከመርከብ ማረፊያው ወደ ኡና ቢሮ ሄዶ ለእሷም ነገራት። ቁጭ ብላ ሰማችው። ሲጨርስ መስኮቱን ከፍታ ወደ ጋኖቹ ቤት ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። «በጋኖቹ ውስጥ ያለውን ድፍድፍ ባሕር ውስጥ አፍስሱት በሏቸው» አለች። «ወደ ውስኪ የሚለውጠው ሰው አይኖርም።» እጁን ጨበጠችው፤ እጇ ግን ሙቀትም ጉልበትም አልነበረውም።

ወሬ በደሴት ላይ ከሬሳ ይፈጥናል። ስድስት ሰዓት ላይ ወንዶቹ በማርሳሊ በር ሲሰበሰቡ ሁሉም ሰምቷል። ማንም ክፉ አልተናገረም። ቀድሞ በሰልፍ አጠገቡ የሚሄደው ጎረቤቱ ግን ሁለት ረድፍ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ራናልድ ብቻውን ሄደ። ሰልፉ በመርከብ ማረፊያው መታጠፊያ አልፎ በፋብሪካው ፊት ለፊት ሲሄድ ራናልድ ወደ መስኮቱ አልተመለከተም። ከመስኮቱ ጀርባ ቆሞ ኮፍያውን የሚያወልቅ አልነበረም።

ስምንቱ በጉድጓዱ ዙሪያ ቆሙ። ኮፍያዎቻቸውን በድንጋዩ አጥር ላይ ትተው መጥተዋል። ቄሱ ጸለየ፤ ስለ ኮፍያ ግን ምንም አላነሳም። ዳዊቱ ሲደርስ ዝም አለ። ሐረጉን የሚያወርደው ኖርማን ስድስት እርምጃ ርቆ አዲስ አፈር ስር ነው። ማንም አልጀመረም። ዝናቡ በሳጥኑ ክዳን ላይ ይሰማል። ቄሱ ትንሽ ጠበቀና መጽሐፉን ዘጋ።

«አውርዱ» አለ።

ራናልድ ገመዱን አንድ ዙር በእጁ ጠቀለለ። ክብደቱ መጣ፤ የሚያውቀው ክብደት። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያው እጅ ያለፈ። በየክንዱ ልክ ለቀቀ። ከግርጌው ኮል አጎንብሶ እያየው እኩል ይለቃል። ሳጥኑ አንዴ የጉድጓዱን ግድግዳ ነካ፤ ሽ… አለ፤ ቀጠለ።

ከዚያ ገመዱ ላላ።

ሰባቱ እንደ ልማዱ ጫፋቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ጣሉ። አንድ በአንድ ክዳኑ ላይ ወደቁ። የራናልድ ገመድ ብቻ ከራስጌው ወደ ላይ ተዘርግቶ ቀረ። ሰዎቹ ጠበቁት። ቄሱ ሊናገር ብሎ ተወ። ኮል ማንም ሳይጠይቀው አካፋውን አንስቶ ከግርጌው በኩል አፈር መመለስ ጀመረ፤ በዝግታ፣ ወደ ራስጌው ሳይደርስ። ራናልድ ገመዱን ይዞ ከታች የሚመጣ ነገር ካለ በእጁ ያዳምጥ ነበር።